አርባ ሲል ይጠፋል

አርባ በመቶ ይላል፤ እኔም አምነዋለሁ፤
ዊኒፔግ በጥር ነው፣ በሩን እከፍታለሁ፤
ያ ስልኬ አንድ ጊዜ ብርዱን ሲቀበል
ድርግም ይላል እንጂ ደህና እደር አይል።

ስድስት ዓመት ሞላው።
ጥጉ ተሰንጥቋል በረዶ ላይ ወድቆ፣
ስንጥቁም ቀስ ብሎ ካሜራው ውስጥ ዘልቆ
ሰው ሁሉ በእኔ ፎቶ ጠባሳ አለበት፤
እታፈራሁ ቅንድቧ ላይ፣ ልጄ አገጯ ላይ ጭረት።

ሥራዬ መጎተት ነው፤
ሞተሩ የሞተውን፣ ቦይ የገባውን መኪና።
ሌሊት ሰው ይደውላል፣ እኔም እወጣለሁና
ስልኬን በብብቴ እንደ እንቁላል ታቅፌ፣
ይፈለፈላል ስል ስንት ሌሊት አልፌ።

ልጄ ማኅደር ገና በአሥራ አራት ዓመቷ
ከሐኪም ይብሳል የእሷ ምርመራዋ፦
«አባዬ፣ ማሻሻያ መላክ አቁመዋል፣
የሠሩት ሰዎች እንኳ ይህን ስልክ ረስተዋል፤
እነሱ የረሱትን አንተ ታስታምማለህ?»
ዝም በይ አልኳት። እኔም ዝም አልኩ።

አንድ ቅዳሜ ሄድን ፖርቴጅ ጎዳና ላይ፣
ስልክ እንደ እስረኛ በሰንሰለት የሚታይ፤
ሻጩ ልጅ ትሑት ነው፤ «ቅድሚያ ክፍያ ዜሮ፣
በወር ሠላሳ ስምንት» አለኝ ተሽቀርቅሮ፤
ለሠላሳ ስድስት ወር።
ቆጠርኩ፦ ያኔ ማኅደር አሥራ ሰባት፣
ጉልበቴስ ያኔ ስንት?
ከዜሮ ጀምሮ ሦስት ዓመት የሚያስር
እንዲህ ያለ ባዶ አላየሁም በምድር።
«አስብና ልምጣ» ስል ልጄ አኩርፋ ቀድማ
ፌርማታው ላይ ጠበቀችኝ ጀርባ ሰጥታ ቆማ።

ግን መቼ ነው የሚለወጥ?
ጫማ ጣት ሲያሳይ ነው። ጎማ ጥርሱ ሲያልቅ።
ስልክ ግን እየሠራ ያረጃል፣ እየጠራ ይደክማል፤
ዛሬ በቃው ስትል ጠዋት ደህና ያድራል።

ከዚያ ያቺ ሌሊት።
ሠላሳ አራት ከዜሮ በታች፣ ነፋሱን ሳይጨምር፤
አንዲት ሴት ደወለች ከፔሪሜተር መንገድ ዳር፦
«ቀይ መኪና፣ ቦይ ውስጥ፣ የእህል ጎተራ አጠገብ።»
ካርታው ላይ ነጥቧ ነበረች፣ ሰማያዊ፣ ትንሽ፤
ስልኬ አርባ ሲል ጠፋ፣ ነጥቧንም ይዟት ሸሸ።

እዚያ ጎተራ ብዙ ነው። በረዶ ሲለብስ ሁሉም አንድ ነው።
ከአንዱ ወደ አንዱ፣ እየተሳደብኩ፣
ስልኬን ሳይሆን ራሴን፣
ሃምሳ ደቂቃ ዞርኩ።
ሰልፍ ፊት፣ ለመክፈል ስዘረጋው ሲሞት ችዬዋለሁ፤
እኔን ባሳፈረኝ ምንም አልነበረም።
ሰው በብርድ ሲያስጠብቅ ግን ቀን ቆረጥኩለት፦
ነገ እጥለዋለሁ።

አገኘኋት።
መጀመሪያ ያየሁት መስኮቷ ላይ ጭላንጭል፤
በባዶ ቆርቆሮ ውስጥ ሻማ አብርታ ነበር።
«ዶሪን እባላለሁ» አለች ጥርሷ እየተንቀጫቀጨ፤
ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው ስልኳን ዘረጋችልኝ፦
ሦስት ዓይን ያለው፣ ያ የሻጩ ልጅ ያሳየኝ፣
የገና ስጦታ፣ ወር እንኳ ያልሞላው፤
ለእኔ ደውላ እንደጨረሰች ሞቷል።
እሱም ሞቷል።
ተያየን። ቀድማ የሳቀችው እሷ ናት።

ማክሰኞ ሮዴል ዘንድ፣ የገበያ አዳራሹ ጥግ፣
ሁለት ሰው በማይቆምባት ሱቅ፣
በፀጉር ማድረቂያ አሙቆ ከፈተው።
ውስጡ የመንገድ ጨው፣
አንድ ረጅም ፀጉር፣ የማኅደር ይመስለኛል፤
ባትሪው እንደ ተቆጣ ሰው ጉንጭ አብጧል።
«ሰማንያ ዶላር» አለኝ፤ «አንድ ክረምት ያደርስሃል፣
ለሁለተኛው አልምልም።»
ክረምት ያለው ዝናቡን አይደለም፤ ነጩን ነው።
የጉልበቴም ሐኪም ባለፈው ወር ያለኝ
ቃል በቃል ይኸው ነው፤
እሱ ግን የሚለወጥ ነገር አላሳየኝም።

ስወጣ ሻማ ገዛሁ፣ ባዶ ቆርቆሮም ፈለግሁ፤
ለማኅደር ገና አልነገርኳትም፤
እራት ላይ ስልኬን ገልብጬ ከሳህኔ ስር ሸሸግሁ።